የገበያ ዳታ ክፍያ፦ ከነፃው፣ ከአንድ ዶላሩና ከመቶ ዶላሩ የቱ ይሻላችኋል?

አካውንት ከፍታችኋል። ገንዘብ አስገብታችኋል። የመጀመሪያውን አክሲዮን ልትገዙ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣችኋል። ከዋጋው ጎን ግን በትንሽ ፊደል «የዘገየ» የሚል ጽሑፍ አለ። የዳታ ገጹን ስትከፍቱ ረጅም ዝርዝር ይመጣል፤ ኔትወርክ ኤ፣ ኔትወርክ ቢ፣ ሌቭል 1፣ ሌቭል 2፣ ኦፕሽን፣ ፊውቸር። እያንዳንዱ አጠገብ የወር ክፍያው ተጽፏል። አንዱ 1 ዶላር ተኩል ነው፣ አንዱ 15፣ አንዱ ደግሞ ከ100 በላይ። የቱ ላይ ምልክት ይደረግ?

እኔ ስጀምር ያገኘሁትን ሁሉ ነው የመረጥኩት። ያለ ሙሉ ዳታ መነገድ በጨለማ እንደመሄድ ነው የሚል ምክር ሰምቼ ነበር። አካውንቴ ውስጥ የነበረው 1,500 ዶላር አይሞላም። ለዳታ ግን በወር 40 ዶላር እከፍል ነበር። በአራተኛው ወር ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። ከግብይቱ ያገኘሁት ትርፍ 112 ዶላር፣ ለዳታ የከፈልኩት 160። ገበያው አልጎዳኝም ነበር። የጎዳኝ ዋጋ ለማየት የከፈልኩት ነው።

ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንደዚያ እንዳይሆን ነው። የዳታ ክፍያ ጥቂት ዶላር ስለሚመስል ማንም ቁጭ ብሎ አያወዳድረውም። ትንሽ አካውንት ያለውን ሰው ግን እንደሱ በዝምታ የሚቦረቡር ወጪ ጥቂት ነው።

መጀመሪያ፣ ለምን ያስከፍላሉ?

ገዢና ሻጭ ትዕዛዛቸውን ወደ ገበያው ይልካሉ። ገበያው ከነዚያ ትዕዛዞች የወጣውን ዋጋ መልሶ ይሸጣል። «ዋጋው የተሠራው በእኛው ትዕዛዝ አይደል እንዴ? ታዲያ ለምን እንከፍላለን?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ዱሮም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቺካጎ የእህል ገበያ ጉዳይ ላይ ሲወስን፣ ገበያው የሰበሰበው የዋጋ መረጃ የራሱ ንብረት ነው፣ የሕግ ጥበቃም ይገባዋል ብሏል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዛሬው የዳታ ንግድ የቆመው እንዲህ ባለው መሠረት ላይ ነው።

በአሜሪካ እያንዳንዱ የአክሲዮን ገበያ ያለውን ምርጥ የገዢና የሻጭ ዋጋ፣ የተፈጸመውንም ግብይት፣ ወደ የጋራ ማጠናከሪያ እንዲልክ ይገደዳል። ባለሙያዎቹ ሲፕ ይሉታል። ከሁሉም ገበያዎች የመጣው እዚያ ተጣምሮ አንድ ምርጥ ዋጋ ሆኖ ይወጣል። በሦስት ክፍል ነው የሚሸጠው፤ በኒው ዮርክ አክሲዮን ገበያ የተመዘገቡት አንድ፣ በሌሎቹ ገበያዎች የተመዘገቡት አንድ፣ በናዝዳክ የተመዘገቡት አንድ። በቅደም ተከተል ኔትወርክ ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ገበያዎቹ ከዚህ ሌላ የራሳቸውን ዳታ ለብቻው ይሸጣሉ። እሱ ይፈጥናል፣ ጥልቀትም አለው (ከምርጡ ዋጋ ሥር የተሰለፉትን ትዕዛዞችም ያሳያል)፣ ውድም ነው። ጭቅጭቁ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። በ2018 የአሜሪካው የገበያ ተቆጣጣሪ ኤስኢሲ፣ ናዝዳክና ኤንዋይኤስኢ አርካ የተባሉት ሁለት ገበያዎች ለጥልቅ ዳታ የሚጠይቁት ክፍያ ተገቢ መሆኑን አላሳዩም ብሎ ወሰነ። በ2020 ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ኤስኢሲ ጉዳዩን ያየበት የሕግ መንገድ ለዚህ ዓይነት አቤቱታ አይሆንም በማለት ውሳኔውን ሻረው። አይኢኤክስ የተባለው ገበያ በ2019 የራሱን ወጪ ይፋ አድርጎ፣ ሌሎቹ ዳታውን ለማቅረብ ከሚያስፈልገው ወጪ በብዙ እጥፍ እንደሚያስከፍሉ ተከራክሯል። በአውሮፓ ኅብረት ሕጉ ክፍያው ምክንያታዊ እንዲሆን ያዛል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ዳታው በነፃ እንዲቀርብ ያስገድዳል።

ክርክሩ የትልልቆቹ ነው። ሒሳቡ ግን እኛም ዘንድ ይደርሳል።

ክፍያው ለሁሉም እኩል ነው፤ ክብደቱ ግን አይደለም

የዳታ ክፍያ እንደ ኮሚሽን አይደለም። ትንሽ ስለነገዳችሁ አይቀንስም። በወሩ ምንም ባትገዙም ይቆረጣል። 500 ዶላር ያለውም ግማሽ ሚሊዮን ያለውም ያው ነው የሚከፍለው።

እስቲ በቁጥር እንየው። ለዳታ በወር 30 ዶላር የምትከፍሉ ከሆነ በዓመት 360 ነው። አካውንታችሁ 2,000 ዶላር ከሆነ፣ ይህ 18 በመቶ ነው። ገና ከዜሮ በላይ ለመሆን ብቻ በዓመት 18 በመቶ ማትረፍ አለባችሁ ማለት ነው። ይህን ያህል በየዓመቱ ሳያቋርጥ የሚያተርፍ ባለሙያ ራሱ ስንት አለ? አካውንቱ 50,000 ሲሆን ያው 360 ዶላር 0.72 በመቶ ብቻ ይሆናል።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው፤ የዓመቱ የዳታ ወጪ ከአካውንቱ 1 በመቶ እንዳይበልጥ። ማንም ያወጣው ሕግ አይደለም፣ የራሴ ነው። በዚህ ስሌት ሦስቱንም ኔትወርክ በ1.50፣ በ1.50 ለመያዝ (በዓመት 54 ዶላር) አካውንቱ 5,400 ዶላር ገደማ መድረስ አለበት። በወር 30 ዶላር ለመክፈል ደግሞ 36,000። ከዚያ በታች ያለ ሰው ከታች ካሉት ርካሾቹ ይጀምር።

የዘገየ ዳታ

ነፃ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በ15 ደቂቃ ይዘገያል። ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን መናቁ ልክ አይመስለኝም። በየወሩ የኢንዴክስ ፈንድ (የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን ባንድ ላይ የያዘ ፈንድ) ገዝቶ ለዓመታት ለሚያስቀምጥ ሰው የ15 ደቂቃ ልዩነት ምንም አያመጣም። ኩባንያ አጥንቶ ገዝቶ ለሁለት ዓመት ለሚይዝም እንደዚያው።

አደጋው ያለው ትዕዛዙ ላይ ነው። በዘገየ ዋጋ ላይ ተመሥርታችሁ ማርኬት ኦርደር፣ ማለትም «በተገኘው ዋጋ ይገዛልኝ» የሚል ትዕዛዝ፣ አትላኩ። ስክሪኑ 62 ዶላር ቢልም ገበያው አሁን 64 ላይ ሊሆን ይችላል፤ የሚገዛላችሁም በ64 ነው። ሊሚት ኦርደር ግን «ከ62.20 በላይ አልከፍልም» ማለት ነው። ካልተገኘ አይገዛም። አንዳንድ ብሮከሮች (አካውንት የከፈታችሁባቸው አገበያዮች) ደግሞ ዝርዝሩ ላይ የዘገየ ዋጋ እያሳዩ፣ የትዕዛዝ መስኮቱን ስትከፍቱ ግን የወቅቱን ዋጋ ያሳያሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አረጋግጡ። አለዚያ በነፃ ያላችሁን ዳታ ደግማችሁ ልትገዙ ትችላላችሁ።

የአንድ ገበያ ፈጣን ዳታ

ይህ ነፃም ነው፣ ወቅታዊም ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ትሬዲንግቪው በተባለው የቻርት ድረ ገጽ ላይ ሳትከፍሉ የምታዩት የአሜሪካ አክሲዮን ዋጋ ሲቦ ከተባለው ገበያ የሚመጣ ነው። ሌሎች ብሮከሮችና ዳታ አቅራቢዎች የአይኢኤክስን ይሰጣሉ። ዋጋው ሲንቀሳቀስ ስለምታዩ ሙሉውን ገበያ የምታዩ ይመስላችኋል። የአሜሪካ አክሲዮን ግን ከአሥር በላይ በሆኑ ገበያዎች ላይ ይገበያያል፤ ከገበያዎቹ ውጪ የሚፈጸመውም ብዙ ነው። አይኢኤክስ ከጠቅላላው የሚይዘው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው።

ልዩነቱ እንዴት እንደሚታይ ላሳያችሁ። ብዙ የማይገበያይ አንድ አክሲዮን አለ እንበል። የአንዱ ገበያ ዳታ የገዢ ዋጋ 18.40፣ የሻጭ 18.62 ይላል። በዚያው ሰከንድ ሁሉም ገበያ ሲጣመር ግን ገዢው 18.49፣ ሻጩ 18.52 ነው። እናንተ 18.41 ላይ የግዢ ሊሚት ታስቀምጣላችሁ። ከሁሉም ገዢ የበለጣችሁ፣ ሰልፉ ፊት የቆማችሁ ይመስላችኋል። እውነቱ ግን ከእናንተ በላይ 8 ሳንቲም የጨመረ ሰው አለ። ገበያው እስኪዘጋ ትጠብቃላችሁ፣ ትዕዛዙ አይፈጸምም፣ ምክንያቱም አይገባችሁም።

በሌላ በኩል፣ በዚያው ስክሪን ላይ እያያችሁ በ18.62 ሊሚት ብትገዙ፣ ብሮከሩ የተሻለውን ዋጋ የመፈለግ ግዴታ ስላለበት በ18.52 አካባቢ ሊገዛላችሁ ይገባል። ዓይናችሁ የሚያየው ከፊሉን ቢሆንም ትዕዛዛችሁ የሚሄደው ሙሉው ገበያ ላይ ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ስለዚህ እንደ አፕል ወይም ማይክሮሶፍት ያለ በየሰከንዱ የሚገበያይ አክሲዮን ለሚገዛ ሰው፣ የአንድ ገበያ ዳታ ከበቂ በላይ ነው። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ሳንቲም ቢሆን ነው።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ቻርት ላይ ነው። የግብይት መጠኑ የአንዱ ገበያ ብቻ ስለሆነ ከእውነተኛው በጣም ያነሰ ነው። «ዛሬ መጠኑ ጨመረ» እያሉ በዚያ ላይ ተመሥርቶ መወሰን አይሆንም። ትናንሽ ኩባንያዎችን የምትነግዱ ከሆነም ይህን ምርጫ ተዉት።

በጥያቄ ልክ መክፈል

ስናፕሾት ይባላል። ዋጋውን ማየት ስትፈልጉ ትጫናላችሁ፣ የዚያችን ቅጽበት ሙሉ ዋጋ ታያላችሁ፣ ለዚያች ብቻ ትከፍላላችሁ። አንዳንድ ብሮከሮች ዘንድ ለአሜሪካ አክሲዮን አንዷ ጥያቄ 1 ሳንቲም ገደማ ናት። በወር 20 ጊዜ ብታዩ 20 ሳንቲም መሆኑ ነው።

በወር ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚገዛና ለሚሸጥ ሰው ከዚህ የተሻለ አላየሁም። የዘገየውን በነፃ እያያችሁ ትከታተላላችሁ፤ ትዕዛዝ ልትልኩ ስትሉ አንድ ሳንቲም ትከፍላላችሁ። ብዙም ሲወራለት አልሰማም፣ ለትንሽ አካውንት ግን ልክክ ያለ ነው። ዝርዝሩ ላይ ያሉትን ሁሉ በራሱ እያደሰ የሚቆጥርባችሁ ቅንብር እንዳለ ግን አስቀድማችሁ እዩ።

ሙሉው ሌቭል 1

ይህ የተጣመረው ምርጥ ዋጋ ነው፣ በቀጥታ፣ ከሁሉም ገበያዎች። ለግለሰብ ከሲፕ በኩል የሚጠየቀው ለአንድ ኔትወርክ በወር 1 ዶላር ገደማ ነው፤ ብሮከሩ ትንሽ ይጨምርበታል። በየቀኑ ለሚነግድ፣ ስፕሬዱ (በገዢና በሻጭ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት) ሰፋ ያለ አክሲዮን ለሚገዛ ሰው ይህ ክፍያ ይገባዋል እላለሁ። ከላይ ያየነው የ8 ሳንቲም ስህተት በ100 አክሲዮን 8 ዶላር ነው። አንድ ጊዜ ከዳናችሁ የወሩን ከፍላችኋል።

ሦስቱንም ኔትወርክ ግን ወዲያው አትያዙ። የምትነግዷቸው አክሲዮኖች የት እንደተመዘገቡ እዩ። ሁሉም የናዝዳክ ከሆኑ ኔትወርክ ሲ ብቻ ይበቃል።

አንዳንድ ብሮከሮች በወሩ የተወሰነ ኮሚሽን ከከፈላችሁ የዳታውን ክፍያ ይተዉላችኋል። ጥሩ ነገር ነው፣ ወጥመድም ነው። 10 ዶላር ዳታ እንዲቀርላችሁ 30 ዶላር ኮሚሽን ለመድረስ ብላችሁ የማትፈልጉትን ትሬድ አታድርጉ። አባባል ነው እንጂ እንዲህ የሚያደርግ ሰው የለም እንዳትሉኝ፤ በወሩ መጨረሻ ቀናት የሚያደርገው ሰው አውቃለሁ።

ሌቭል 2

እዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ። ሌቭል 2 ከምርጡ ዋጋ ሥር የተሰለፉትን ትዕዛዞች ሁሉ ያሳያል። ለግለሰብ ለአንድ ገበያ በወር ከ10 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ነው። ማየቱ ደስ ይላል። ግን የሚታየው ትዕዛዝ በቅጽበት ሊሰረዝ ይችላል፤ የተደበቀ ትዕዛዝ አይታይም፤ ከገበያ ውጪ የሚፈጸመውም እዚያ ላይ የለም። በሰከንዶችና በደቂቃዎች ለሚነግድ፣ ማንበቡንም ለተማረ ሰው ይጠቅማል። ለሌላው ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ለአራት ወራት ከፍዬበታለሁ፤ አንድም ውሳኔዬን አልቀየረልኝም።

ፊውቸር (ዛሬ በተስማማችሁበት ዋጋ ወደፊት የሚፈጸም የግዢና ሽያጭ ውል) ለብቻው የሚታይ ነው። ለምሳሌ ሲኤምኢ የተባለው የቺካጎ ገበያ ፊውቸር ራሱ ሲኤምኢ ላይ ብቻ ስለሚገበያይ የአንዱ ገበያ ዳታ ሙሉው ገበያ ነው፤ ጥልቀቱም እውነተኛ ነው። እዚያ ጥልቅ ዳታ መግዛት ከአክሲዮኑ ይልቅ ትርጉም አለው፤ ለግለሰብ ለእያንዳንዱ ገበያ ጥቂት ዶላር ነው። የክሪፕቶ ገበያዎች ደግሞ የትዕዛዝ መዝገባቸውን በነፃ ነው የሚያሳዩት።

ብሮከሩ «በነፃ» ሲሰጣችሁ

ብዙ መተግበሪያዎች የወቅቱን ዋጋ ያለ ክፍያ ያሳያሉ። ለገበያው የሚከፍለው ብሮከሩ ነው። እሱም ከሌላ ቦታ ያገኘዋል፤ ካልተነካው ጥሬ ገንዘባችሁ ወለድ፣ ከሚያበድራችሁ፣ በአሜሪካ ደግሞ ትዕዛዛችሁን ለትልልቅ ገበያ ፈጣሪ ድርጅቶች (ሁልጊዜ ለመግዛትም ለመሸጥም ዋጋ የሚያቀርቡ) አሳልፎ ከሚቀበለው ክፍያ። የአውሮፓ ኅብረት ይህን የመጨረሻውን በ2024 ባወጣው ሕግ ከልክሏል።

እኔ አትውሰዱት አልልም። 1,000 ዶላር ላለው ሰው በወር 10 ዶላር ከመክፈል ይሄ ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፤ የሚያሳዩን የተጣመረውን ነው ወይስ የአንዱን ገበያ? መልሱ ከላይ ያየነውን ልዩነት ያመጣል።

ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለው ምልክት

እስካሁን ያነሳኋቸው ዋጋዎች ሁሉ «ፕሮፌሽናል ላልሆነ» ሰው ናቸው። አካውንት ስትከፍቱ፣ ወይም ዳታ ስታዙ፣ የሆነ ቅጽ ይመጣል። ሰው ሳያነብ ይሞላዋል። በዚያ ቅጽ ፕሮፌሽናል ከተባላችሁ፣ 1 ዶላር የነበረው ኔትወርክ ከ20 ዶላር በላይ ይሆናል፤ ኔትወርክ ኤ እስከ 45 ይደርሳል። ፊውቸር ላይ ደግሞ ጥቂት ዶላር የነበረው ለእያንዳንዱ ገበያ ከ100 ዶላር በላይ ይሆናል፤ በሲኤምኢ ቡድን ሥር እንዲህ ያሉ ገበያዎች አራት ናቸው።

ፕሮፌሽናል ያልሆነ የሚባለው በጥቅሉ ለራሱ ገንዘብ ብቻ የሚነግድ ግለሰብ ነው። በተቆጣጣሪ አካል ዘንድ በብሮከርነት ወይም በአማካሪነት ያልተመዘገበ፣ የሌላ ሰው ገንዘብ የማያስተዳድር፣ ዳታውን ለሥራ የማይጠቀም። ስንት ሰዓት መነገዳችሁ ወይም ስንት ማትረፋችሁ አይታይም። ቀኑን ሙሉ የሚነግድ፣ ከዚያ የሚኖር ሰው ለዚህ ቅጽ ፕሮፌሽናል ላይሆን ይችላል። ብዙ ሰው «እኔ እንግዲህ ሥራዬ ይሄ ነው» ብሎ ራሱን ፕሮፌሽናል ይላል። ቃሉ ነው የሚያሳስተው።

ሁለተኛው ወጥመድ ኩባንያ ነው። ለግብር ወይም ለአሠራር ይመቸኛል ብላችሁ አካውንቱን በኩባንያ ስም ከከፈታችሁ፣ ባለቤቱም ሠራተኛውም እናንተው ብቻ ብትሆኑ እንኳን፣ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮፌሽናል ትባላላችሁ። ይህ ያናድደኛል። ያው አንድ ሰው፣ ያው ስክሪን፣ ያው የራሱ ገንዘብ፤ ስሙ ሲቀየር ክፍያው ሃያና አርባ እጥፍ ይሆናል። ትክክል አይደለም እላለሁ፤ ግን ሕጉ ይህ ስለሆነ ኩባንያ ከማቋቋማችሁ በፊት የዳታውን ልዩነት በሒሳቡ ውስጥ አስገቡት።

ቅጹ ላይ መዋሸት ደግሞ መፍትሔ አይሆንም። ገበያዎቹ ብሮከሮችን ኦዲት ያደርጋሉ፤ የተሳሳተ ሲገኝ ያለፈውን ጊዜ ልዩነት ማስከፈል ይመጣል። ዳታውን ለጓደኛ ማጋራት፣ በቡድን ውስጥ ማሰራጨትም ውሉን ይጥሳል። በስህተት ፕሮፌሽናል ተብላችሁ ከሆነ ግን ዝም አትበሉ። ለብሮከሩ ጻፉ፣ ቅጹን እንደገና ሙሉ። የሥራ ቦታችሁን የሚገልጽ ማስረጃ ሊጠይቁ ይችላሉ።

ለማንኛችሁ የቱ?

በወር አንዴ ገዝታችሁ የምታስቀምጡ ከሆነ፣ የዘገየ ዳታና ሊሚት ኦርደር። በሳምንት አንዴ ሁለቴ ትላልቅ ኩባንያዎችን የምትነግዱ ከሆነ፣ የአንድ ገበያው ነፃ ዳታ፣ ትዕዛዝ ስትልኩ ደግሞ ስናፕሾት። በየቀኑ ከሆነና አካውንቱ ከጥቂት ሺህ ዶላር ካለፈ፣ የሚያስፈልጋችሁን አንድ ኔትወርክ በሌቭል 1 ያዙ። ሌቭል 2 በደቂቃዎች ለሚነግድ፣ ክፍያውም ለማይከብደው ይቆይ።

ስትጀምሩ ደግሞ ቀኑን እዩ። በብዙ ብሮከሮች የዳታ ክፍያ የሚቆጠረው በካሌንደር ወር ነው፤ በ28ኛው ቀን ብታዙም የሙሉ ወሩን ያስከፍላሉ፣ ሦስት ቀን ቆይቶም የቀጣዩን። ስለዚህ በወሩ መጀመሪያ እዘዙ። የማትጠቀሙበትን ደግሞ ወሩ ሳያልቅ ሰርዙ፤ በራሱ ነው የሚታደሰው። እኔ ስልኬ ላይ በየወሩ በ25ኛው ቀን የሚጮህ ማስታወሻ አለኝ። ሲጮህ የዳታ ገጹን ከፍቼ ያለፈውን ወር ምን እንዳየሁበት እጠይቃለሁ። አሁን የቀረኝ ኔትወርክ ሲ ብቻ ነው፣ በ1.50።